የሙዚቃ ሸክላ ንግድና የባለሱቅ ጆሮ

ጤፍና ኑግ፣ ቆዳና ሌጦ፣ ማርና ቅቤ በሚዛን የሚሸጡ ዕቃዎች ናቸው። ገዢውም ሻጩም ሚዛኑን እያዩ ይነጋገራሉ፤ ባይስማሙም የሚከራከሩበት ነገር በዓይናቸው ፊት ነው። ከዚህ የተለየ ደግሞ በሚዛን የማይለካ፣ በክንድ የማይሰፈር፣ ዋጋው የሚታወቀው ሻጩ ምንነቱን ያወቀው እንደ ሆነ ብቻ የሆነ የንግድ ዕቃ አለ። የሙዚቃ ሸክላ ከዚህ ወገን ነው። የማያውቀው ሰው በእጁ ቢይዘው አቧራ የጠጣ ጥቁር ክብ ነገር ነው፤ የሚያውቀው ሰው ቢያገኘው ግን የወር ደመወዙን ከፍሎ ይወስደዋል፤ ከወሰደውም በኋላ ረከሰልኝ ብሎ ይደሰታል።

ይህን ጉዳይ ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢው ነጋዴዎች ማንሣት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። በመላው ዓለም የሸክላ ሰብሳቢዎች ዘንድ ዛሬ በስፋት ከሚነገሩት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪኮች አንዱ የተጀመረው በፓሪስ ወይም በኒውዮርክ ሳይሆን፣ በቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ በነበረችው በባሕር ዳር ከተማ በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው። ታሪኩ በዝርዝር ከዚህ በታች ይገኛል። አስቀድሞ ግን ዕቃው ምን እንደ ሆነና ወደ አገራችን ገበያ እንዴት እንደ ገባ ማወቅ ይገባል። የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ የውጭ አገር ንግድ መዝገብ የሚጠቀምበት ስለ ሆነ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሸክላ ምን ዓይነት ዕቃ ነው

ሸክላ የሚለው ስም ለዕቃው የተስማማ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩ፣ ብዙዎቹም 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው፣ ከሙጫና ከደቀቀ ድንጋይ የተሠሩ ስለ ነበሩ፣ ከእጅ ቢወድቁ እንደ እንስራ ይሰባበሩ ነበር። በኋላ የመጣው ከፕላስቲክ ወገን የሆነው ቪኒል ነው፤ ይህ አይሰበርም፤ ነገር ግን ይጫራል፣ ከሙቀትም የተነሣ ይጣመማል። ትንሹ ሸክላ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ኖሮት በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል፤ በአብዛኛውም በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዘፈን ይይዛል። ትልቁ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በደቂቃ 33 ጊዜ ከሢሶ ይዞራል፤ በአንድ ገጹም ሃያ ደቂቃ ያህል ሙዚቃ ይይዛል።

የአሠራሩ ነገር ለነጋዴ ትልቅ ትርጉም አለው። በመጀመሪያ ድምፁ በሚቀረጽበት ገጽ ላይ ቀጭን መስመር ይቆፈራል፤ ከዚያ ላይ የብረት ማኅተም ይወሰዳል፤ በማኅተሙም የጋለ ፕላስቲክ እየተጨመቀ ሸክላው ይታተማል። ማኅተሙን ማሠራት ብዙ ወጪ ያስወጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ቅጂ ርካሽ ነው። ስለዚህ ጥቂት ቅጂ ብቻ ማሳተም ለነጋዴ ኪሳራ ነው። አሳታሚው ሸክላው እንደሚሸጥ ሳያረጋግጥ አስቀድሞ በብዛት ማዘዝና ገንዘቡን መክፈል ግዴታው ነው። በኢትዮጵያ የሸክላ ንግድ ዘግይቶ የተጀመረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሌላው ምክንያት ሕግ ነበር።

ከነጋድራስ ተሰማ እስከ ሐራምቤ

የኢትዮጵያዊ ዘፈን በሸክላ ላይ መቀረጽ የጀመረው በ1908 ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር የሄዱት ተሰማ እሸቴ በበርሊን ከተማ ድምፃቸውን አስቀረጹ። እኒህ ሰው ኋላ ነጋድራስ የሚል ማዕረግ ያገኙ ናቸው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሸክላ ባለቤት የነጋዴዎች አለቃ በሚል ስም መጠራታቸው ለንግድ ሰው የሚያስደስት አጋጣሚ ነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የአገር ውስጥ ዘፈን በሸክላ መታተሙ እጅግ ጥቂት ነበር። በ1948 በወጣው ትእዛዝ ሸክላን የማሳተምና ከውጭ የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። የዚህ ዓይነቱ ብቸኛ መብት በንግድ ላይ የሚያደርሰው ነገር የታወቀ ነው። መብቱን የያዘው ወገን እንደ ነጋዴ የሚያስቸኩለው ነገር የለውም፤ መብቱ የሌለውም ወገን ቢፈልግ አይችልም። በዚህ መካከል በአዲስ አበባ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች፣ እንዲሁም የቴአትር ቤቶች ኦርኬስትራዎች በነሐስ መሣሪያዎች የሚያስደንቅ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ሕዝቡ በሬዲዮና በአዳራሽ ይሰማቸዋል፤ ወደ ቤቱ ሊወስደው የሚችለው ነገር ግን እምብዛም አልነበረም። ፈላጊ ነበረ፤ ዕቃም ነበረ፤ የጎደለው በሁለቱ መካከል የሚቆም ነጋዴ ነበር።

የአንድ ወጣት ነጋዴ ድፍረት

ይህን ጉድለት የሞሉት አቶ አምኃ እሸቴ ናቸው። አቶ አምኃ በአዲስ አበባ ሐራምቤ የሚባል የሙዚቃ ሱቅ ከፍተው የውጭ አገር ሸክላ ይሸጡ ነበር። ሱቃቸው የአንድ ሰው ሱቅ ነበር፤ ከጀርባው ትልቅ ኩባንያ አልቆመም። ትንሽ ሱቅ ግን ትልቁ ኩባንያ የሌለው አንድ ጥቅም አለው። ባለቤቱ ራሱ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ደንበኛው ምን እንደሚጠይቅ በየቀኑ በጆሮው ይሰማል። አቶ አምኃም የሰሙት ነገር የውጭውን ሸክላ የሚገዛው ሰው የራሱን አገር ዘፈን በዚያው ዓይነት ተቀርጾ ለማግኘት እንደሚጓጓ ነው።

በ1969፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ የ1948ቱን ትእዛዝ እያወቁ በራሳቸው ስም አምኃ ሪከርድስ የተባለውን ማሳተሚያ አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» ነበረ። ድምፁ በአዲስ አበባ ተቀርጾ ሸክላው የታተመው በሕንድ አገር ነው፤ ከዚያም በኋላ የኅትመት ሥራው ወደ ሊባኖስ ተዛወረ። አዲሱ ሸክላ ደርሶ በሱቁ ፊት በድምፅ ማጉያ በተሰማ ጊዜ፣ ሕዝቡ በመንገዱ ላይ እየጨፈረ መተላለፊያ እንደ ጠፋ አቶ አምኃ ከብዙ ዓመታት በኋላ ያስታውሱት ነበር። ብቸኛ መብት የነበረው ወገን ቢቃወምም በመብቱ ሳይሠራበት የኖረ ስለ ሆነ ሥራውን ሊያስቆም አልቻለም።

ከ1969 እስከ 1975 ባለው ጊዜ ውስጥ አምኃ ሪከርድስ 103 ትናንሽ ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል ትላልቅ ሸክላዎችን አሳተመ። ዓለማየሁ እሸቴ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ግርማ በየነ፣ ጌታቸው ካሣ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በዚህ ማሳተሚያ ሸክላ ካወጡት መካከል ናቸው። የአቶ አምኃ መሳካት ለሌላውም በር ከፈተ። ፊሊፕስ ኩባንያ በኢትዮጵያ ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ ቀጥሎም አቶ ዓሊ አብደላ ኬይፋ፣ ብዙ ሰው ዓሊ ታንጎ ብሎ የሚያውቃቸው ነጋዴ፣ ኬይፋ ሪከርድስን አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1978 ድረስ በሁሉም ማሳተሚያዎች የወጣው የኢትዮጵያ ሸክላ ሲደመር ወደ 500 የሚጠጉ ትናንሽና 30 ያህል ትላልቅ ሸክላዎች ናቸው። ቁጥሩ ለአንድ አገር ብዙ አይደለም። በዓለም ዘንድ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን ተብሎ የሚጠራው ግን በአብዛኛው በእነዚህ ጥቂት ሸክላዎች ላይ የተጻፈው ነው። እነዚህ ነጋዴዎች ባይነሡ ኖሮ የዚያ ዘመን ድምፅ አብዛኛው ከሰሚዎቹ ጋር ባለፈ ነበር።

ካሴት ሸክላን ሲተካ

በ1974 የመንግሥት ለውጥ ሆነ። አቶ አምኃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄዱ። በአዲስ አበባም ሰዓት እላፊ ታውጆ የሌሊቱ የሙዚቃ ሥራ ለብዙ ዓመታት ተቋረጠ። በዚያው ጊዜ ካሴት ገበያውን ያዘ። ካሴት ለነጋዴው ከሸክላ ይልቅ የሚቀል ዕቃ ነበር፤ ወደ ውጭ አገር ልኮ ማሳተም አያሻም፣ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ተጭኖ የዓባይን በረሃ ቢሻገር አይሰበርም፣ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ መብራት በሌለበት ገጠር ይሰማል። ስለዚህ ሸክላ በ1978 ገደማ ከገበያ ወጣ፤ ካሴትም ከደጀን እስከ ቡሬ ድረስ በየሱቁ ተደረደረ።

ካሴት ግን የራሱ ጉዳት ነበረው። ማንም ሰው በሁለት ቴፕ ሊገለብጠው ይችላል፤ በተገለበጠም ቁጥር ድምፁ ይደክማል፣ ሙዚቀኛውም ምንም አያገኝም። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚሸጥ ሰው ሲጠፋ ሸክላው ወደ ሣጥን ገባ፤ ቤት ሲፈርስ ወይም ባለቤቱ ሲሞት የጣሉት፣ ለልጆች መጫወቻ የሰጡትም ብዙ ናቸው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደ ተባለው ነው።

የውጭ አገር ጆሮ

መዳብ የተባለውን ወርቅ መሆኑን የተናገረው ከውጭ የመጣ ሰሚ ነው። በ1984 ሙሴ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባሉ ፈረንሳዊ፣ አንድ ወዳጃቸው ከአዲስ አበባ ያመጣውን የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰሙ። እንዲህ ያለ ሙዚቃ በዓለም ላይ ስለ መኖሩ ሰምተው አያውቁም ነበርና በ1985 ወደ አዲስ አበባ መጡ። በ1986 «እሬ መላ መላ» የተባለው የማሕሙድ አሕመድ ሥራ በብራስልስ ከተማ በአንድ የቤልጅግ ማሳተሚያ ታትሞ ወጣ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በፓሪስ ቡዳ ሙዚክ በተባለው ማሳተሚያ «ኢትዮፒክስ» የሚባለው ተከታታይ እትም መውጣት ጀመረ፤ እስካሁንም 30 ያህል ቅጾች ደርሷል። የአቶ አምኃና የአቶ ዓሊ ሸክላዎች በዚህ መንገድ እንደ ገና ተሰሙ። በ2005 ሚስተር ጂም ጃርሙሽ የተባሉ አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ በፊልማቸው ውስጥ ሲያስገቡ፣ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ምንም የማያውቅ ሰው ሁሉ ወደ ሸክላ ሱቅ ሄዶ መጠየቅ ጀመረ።

በዚያ ዘመን የሸክላ ንግድ በውጭ አገርም እየተነሣ ነበር። ትናንሾቹ የግል ሸክላ ሱቆች በትላልቅ መደብሮችና በበይነ መረብ እንዳይዋጡ ሲሉ ተባብረው በ2008 የሸክላ ሱቆች ቀን የተባለውን በዓል በአሜሪካ ጀመሩ። በዚያ ቀን የሚሸጡ ልዩ እትሞች የሚገኙት በእነዚህ ሱቆች ብቻ ስለ ሆነ ደንበኛው ሌሊት ተነሥቶ ይሰለፋል። በ2022 በአሜሪካ 41 ሚሊዮን ሸክላ ተሸጦ፣ 33 ሚሊዮን ከተሸጠው ሲዲ በለጠ፤ ይህ የሆነው ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለው ሱቅ የሚኖርበት ምስጢር ቀላል ነው። ባለሱቁ የሚሸጠውን ሁሉ ራሱ ሰምቶታል። ደንበኛ ሲገባ ምን እንደሚወድ ይጠይቀዋል፤ ያንን ይሰጠውና፣ ቀጥሎ ደንበኛው ሰምቶት የማያውቀውን ሌላ ሸክላ ከመደርደሪያ አውርዶ ያሰማዋል። ደንበኛው አንድ ሊገዛ ገብቶ ሦስት ይዞ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ይመለሳል። በዚህ ንግድ ምክር መስጠት የሽያጩ ዋና ክፍል ነው።

የባሕር ዳሩ ካሴት

አሁን ወደ ጎጃሙ ታሪክ እንምጣ። አቶ ኃይሉ መርጊያ በአዲስ አበባ የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ በሒልተን ሆቴል ይጫወት ነበር፤ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ በኬይፋ ሪከርድስ አወጣ። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው የታወቀ ዜማ ያለው በዚሁ ሸክላ ላይ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት አቶ ኃይሉ በዚያው ቀሩ። በ1985 በዋሽንግተን ከተማ ብቻቸውን በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በከበሮ ማሽን አንድ ሥራ ቀረጹ። የቆዩ የአገር ዜማዎችን በአዲስ መሣሪያ የሚያሰማው ይህ ሥራ «ሸሞንሟናዬ» ተባለ፤ በካሴትም ተባዝቶ ወደ ኢትዮጵያ ሱቆች ገባ። አቶ ኃይሉ ግን ከዚያ በኋላ መተዳደሪያቸውን ታክሲ መንዳት አደረጉ። በዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናቸው አውጥተው ይለማመዱ ነበር እንጂ በሕዝብ ፊት አይጫወቱም ነበር።

ሚስተር ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባሉ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስቡና እንደ ገና የሚያሳትሙ ሰው ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ ካሴቶች ሲገዙ ከመካከላቸው አንዱ ይህ የአቶ ኃይሉ ሥራ ነበር። ሰምተውት እጅግ ወደዱት። የሙዚቀኛውን ስልክ ቁጥር በበይነ መረብ ፈልገው ደወሉላቸው፤ ፈቃዳቸውንም ጠይቀው በ2013 ሥራውን በሸክላ አሳተሙት። የማሳተሚያው ደንብ ከሙዚቀኛው ጋር ትርፍን እኩል መካፈል ነው። በ2014 ደግሞ «ቼ በለው» ታተመ። አቶ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ተጫወቱ፤ በ2018 እና በ2020 አዳዲስ ሥራዎችን በሸክላ አወጡ። የመጀመሪያው የ1977 እትም ደግሞ በሰብሳቢዎች ዘንድ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚጠየቅበት ሆነ።

ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ባለሱቅ ያረጀ ዕቃ ነው ብሎ ካሴቱን ስላልጣለው ነው። በዘመኑ የሚሸጠውን ብቻ ደርድሮ የቆየውን ቢጥል ኖሮ እንግዳው ባዶ እጁን በሄደ፣ ሙዚቀኛውም ምናልባት ሳይታወሱ በቀሩ ነበር። ዛሬ ያልተፈለገ ዕቃ ሁሉ ከንቱ ዕቃ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ያልተለመደ ዜማና የጎጃም ሰሚ

የሸክላ ሰብሳቢ የሚፈልገው ሁሉም የሚያውቀውን ዘፈን ብቻ አይደለም። እንዲያውም ይበልጥ የሚደሰተው ጥቂት ሰው የሚያውቀውን ሲያገኝ ነው። በዚህ ረገድ የጎጃም ሰው ከፓሪስ ሰሚ የተሻለ ዕውቀት አለው። ለምሳሌ ያህል ጌታቸው መኩሪያ በ1972 በፊሊፕስ ያሳተሙት ትልቅ ሸክላ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ እንደ አዲስ የጃዝ ዓይነት ተደነቀ። በጎጃም ያደገ ሰው ግን ያንን ሳክስፎን ሲሰማ ሽለላ መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ ጀግና ሲያቅራራና ሲፎክር የሚያሰማውን ድምፅ ሙዚቀኛው በነሐስ መሣሪያ ተርጉመውታል። ጌታቸው መኩሪያ በ2016 አረፉ።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ድርሰቶችም እንዲሁ ናቸው። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1963 በጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውንም ለችግረኞች አዋሉት። የውጭ አገር ሰሚዎች ሙዚቃቸውን ከአውሮፓ ሊቃውንት ድርሰት ጋር ያነጻጽሩታል፤ በደብረ ማርቆስ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ማሕሌት የቆመ ሰው ግን ከፒያኖው ውስጥ የያሬድ ዜማ ጠረን ይሸተዋል። እማሆይ በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አረፉ። በተጨማሪም በለንደን ከተማ በሚገኘው በሆርኒማን ሙዚየም ይሠሩ የነበሩት ጂን ጄንኪንስ በኢትዮጵያ ገጠሮች እየተዘዋወሩ የቀረጹት የባህል ሙዚቃ በ1970 በሸክላ ታትሟል፤ ከቅጾቹም አንዱ የመካከለኛው ደጋ አገር ሙዚቃ ነው። ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገናና ዋሽንት ለአካባቢው ሰው የየዕለት ነገር ናቸው፤ ለሩቅ ሰሚ ግን ብርቅ ናቸው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

አያያዙ

በአካባቢው ከተሞች በቆዩ ቤቶች፣ ቀድሞ ግራማፎን ወይም ሸክላ ማጫወቻ በነበረባቸው፣ ጥቂት ሸክላዎች በሣጥን ውስጥ ቀርተው ይሆናል። የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ፣ የሬዲዮ ጠጋኝ ወይም ባለሱቅ እንዲህ ያለ ዕቃ በእጁ ሲገባ የሚከተሉትን ማወቅ ይጠቅመዋል።

ሸክላ እንደ እንጀራ ተደራርቦ መቀመጥ የለበትም፤ የታችኛው ይጫራል፣ ይጣመማልም። እንደ መጽሐፍ በቋሚው መደርደር አለበት። ፀሐይ ሊያገኘው አይገባም። የዓባይን በረሃ በመኪና የሚሻገር ሸክላ በሸራ ሥር ወይም በመስኮት አጠገብ ቢጫን በአንድ ቀን ሙቀት ሊጣመም ይችላል፤ ስለዚህ ከዕቃ መካከል፣ ጥላ ባለበት፣ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል አስሮ መላክ ያሻል። የደብረ ማርቆስ ክረምት ደግሞ በሌላ በኩል ጠላት ነው፤ እርጥበቱ የወረቀቱን ሽፋን ያሻግተዋል። ሸክላው ከመሬትና ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ነፋስ በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ይበጃል።

ሲታጠብ በንጹሕ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና፣ በለዘበ ጨርቅ፣ መስመሩን ተከትሎ በክብ መጠረግ አለበት፤ በመካከል ያለው የወረቀት ምልክት ውሃ ሊነካው አይገባም። የ78ቱን ዓይነት በአልኮል ወይም በአረቄ የሚጠርግ ሰው ዕቃውን በገዛ እጁ ያጠፋዋል፤ የተሠራበትን ሙጫ አልኮል ያሟሟዋልና። የ45ቱንም ሸክላ በድሮው ግራማፎን በብረት መርፌ ማጫወት መስመሩን ያርሰዋል።

ዋጋ ሲገመት አራት ነገር ይታያል፤ የገጹ ንጽሕና፣ የሽፋኑ መኖር፣ በመካከሉ ምልክት ላይ የተጻፈው የማሳተሚያ ስምና ቁጥር፣ እንዲሁም የመጀመሪያው እትም ይሁን በኋላ የታተመ። የቀድሞው እትምና የዛሬው እንደ ገና የታተመው በመልክ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በዋጋ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የሽያጭ ዋጋ በበይነ መረብ የሸክላ ገበያዎች ላይ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል፤ ስለዚህ ሳይጠይቁ መሸጥ ሰበብ የለውም።

የሐቅ ነገር

በመጨረሻ የንግድን ክብር የሚነካ ነገር አለ። ሸክላ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውን በማያውቅ ሰው ነው፤ የአባቷን ሣጥን ያወጣች ልጅ፣ ቤቷን የምታጸዳ አሮጊት። ዋጋውን የሚያውቅ ነጋዴ ይህን አለማወቅ ትርፍ ሊያደርገው ይችላል። እንዲህ ያለው ትርፍ ግን አንድ ጊዜ የሚበላ ነው። ወሬው በከተማው የተሰማ ዕለት ሁለተኛ ሣጥን የሚከፍትለት ሰው አያገኝም። ሚዛንን በሐሰት መጫን ነውር እንደ ሆነ ሁሉ የሚያውቁትን ዋጋ ደብቆ መግዛትም ነውር ነው። ለሻጩ እውነቱን ነግሮ ተገቢ ድርሻ የሚሰጥ ነጋዴ ዕቃውን ሌሎች ፈልገው ያመጡለታል።

ሸክላን መሸጥና ሙዚቃውን ማባዛት ደግሞ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማወቅ ይገባል። ሸክላውን የገዛ ሰው ሸክላውን ሊሸጥ ይችላል፤ በውስጡ ያለውን ዜማ አባዝቶ ለመሸጥ ግን የባለ መብቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የወጣው፣ የድርሰት ባለቤትን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። መብቱ ለወራሾች የሚተላለፍ ስለ ሆነ ዘፋኙ አርፏል ማለት ዘፈኑ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።

አቶ አምኃ እሸቴ በ2021 አረፉ። የመጀመሪያውን ሸክላ የዘፈኑላቸው ዓለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት ተከተሏቸው። ነጋዴው የተዉት ሀብት በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ አይደለም፤ ዛሬ ከቶኪዮ እስከ ለንደን የሚሰማ የአንድ ዘመን ድምፅ ነው። ይህን ያደረጉት በስድስት ዓመት ውስጥ፣ በአንዲት ሱቅ፣ ደንበኛቸው የሚጠይቀውን በማዳመጥ ነው። በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቢቸናና በሞጣ ያሉ ነጋዴዎችም ገበያቸው ጠባብ ነው ብለው ሊያዝኑ አይገባም። በመደርደሪያቸው ላይ ያለውን አንድ በአንድ ይወቁት፤ ያረጀውን ከመጣላቸው በፊት ይስሙት ወይም የሚያውቅ ሰው ያሰሙት፤ በሚያውቁትም ዕውቀት ሻጩንም ገዢውንም በሐቅ ያገልግሉ። ዕቃ ይሸጣል ያልቃልም፤ ባለሱቁ ያውቃል፣ አያታልልም የሚለው ስም ግን ሱቁ ከተዘጋ በኋላም የሚቀር ሀብት ነው።